በረዶው ውስጥ የቀረው

የቆሰለ ሰው እንቅልፍ እንዳይወስደው ብሎ የኬሚስትሪ ጥያቄ የጠየቀ ከእኔ ሌላ ይኖር እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን ጠይቄያለሁ። የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ሰኔ ወር ላይ፣ ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ነው።

ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከመመረቃችን በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደን ማስተማር ግዴታችን ስለነበር ቢቸና ደረሰኝ። ሳይንስ የምታስተምር ሴት ለከተማው ብርቅ ነበረች። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «አስተማሪቱ መጣች» ይባባላሉ፣ ተማሪዎቼም ከቁመቴ የሚበልጡ ነበሩ። ደህና ዓመት ነበር። በሆዴ የያዝኩትን ግን ማንም አያውቅም፤ አዲስ አበባ ስመለስ ኬሚስትሪን ትቼ የጽሕፈት ሥራ ልማር ቆርጬ ነበር። ለእናቴ ስነግራት እንዲያውም ደስ አላት። «ቢሮ ውስጥ መቀመጥ ይሻላል፣ ያ አሲድ እጅሽን ሳይጨርሰው» አለችኝ።

የቆረጥኩበት ምክንያት ትንሽ ነው፣ ሲሉትም ያሳፍራል። በሦስተኛው ዓመት ኢንትሮፒ ስለሚባለው፣ ከሙቀት ጋር ስለሚለካው የነገሮች ጠባይ እንማር ነበር። መምህራችን ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ሰሌዳ በቁጥር መሙላት የሚወድ ሰው ነው። የአንድን ነገር ኢንትሮፒ በሁለት መንገድ ማወቅ ይቻላል አለን። አንደኛው፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው አቀዝቅዞ ከዚያ ቀስ በቀስ እያሞቁ የሚወስደውን ሙቀት መለካት ነው። ሁለተኛው፣ የእንፋሎቱን ጠባይ በብርሃን አጥንቶ በወረቀት ማስላት ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ሊደርሱ ይገባል። የውሃ ግን አይገጥምም፤ በሙቀት የተለካው ከተሰላው በዜሮ ነጥብ ስምንት ያንሳል። «ይህችን ቁጥር ያዟት፣ ፈተና ላይ ትመጣለች» ብሎ ሊያልፍ ሲል እጄን አወጣሁ።

«የጎደለው የት ሄደ?» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝና፣ «ሚስ፣ ወጥ ለመሥራት ይህ አያስፈልግሽም» አለ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ከሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያች ቀን ወዲያ በዚያ ክፍል አፌን አልከፈትኩም። ፈተናውን በቃሌ ይዤ አለፍኩት፤ ኬሚስትሪ ግን የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሞጣ ትምህርት ቤት ሚስተር ማቲው የሚባሉ የደቡብ ሕንድ ሰው ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር። ብዙ ዓመት ኖረው፣ ፀጉራቸው እዚያው ሸብቶ፣ ውላቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። በገዛ ገንዘባቸው የሰበሰቧቸውን የላቦራቶሪ ብርጭቆዎች ለቢቸና ትምህርት ቤት ሊሰጡ ፈቀዱና ዳይሬክተራችን «ሄደሽ ተረከቢ፣ በዚያውም እሳቸውን ይዘሽ ነይ» ብለው ላኩኝ። በሰኔ ዝናብ መኪና ሞጣ ስለማይገባ ሚስተር ማቲው በበቅሎ ቢቸና፣ ከቢቸና በጭነት መኪና ደጀን፣ ከደጀን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው።

ከሞጣ የተነሳነው ከጋሽ ኑሩ ጋር ነው። ጋሽ ኑሩ የሞጣ ነጋዴ ናቸው፤ ሰምና ቆዳ ጭነው ወደ ቢቸና ይወርዳሉ፣ መንገዱን እንደ ግቢያቸው ያውቁታል። ብርጭቆዎቹን በጭድ አሽገው ከሁሉ ገራም በሆነችው በቅሎ ላይ የጫኑት ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ቀራንዮ አድረን በማግስቱ ቀትር ላይ ወደ ደብረ ወርቅ ስንጓዝ ሰማዩ በጮቄ ተራራ በኩል ጠቆረ።

ጋሽ ኑሩ ደመናውን አይተው በቅሏቸውን ገቱ። «ይህ ደመና ሆዱ ነጭ ነው። ዝናብ አይደለም፤ በረዶ ነው። ልጄ፣ ወደዚያ ቤት እንፍጠን!»

ቤቱ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። ግን አልደረስንም። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፤ ቀጥሎ አንድ ሁለት ፍሬ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ሰማዩ ባቄላ የሚያክል በረዶ ዘረገፈብን። የሚስተር ማቲው በቅሎ ደነበረች። ጃንጥላቸውን ሊዘረጉ ሲሞክሩ ከኮርቻው ላይ ሲወድቁ አየኋቸው፤ ቀጥሎ ጭንቅላታቸው ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጋሽ ኑሩና ጭነት ነጂያቸው ተሸክመው ወደ ቤቱ አስገቧቸው። ባለቤቷ እመት ጥሩወርቅ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ ሳይሉ መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፉ። ሚስተር ማቲው ለአፍታ ራሳቸውን ስተው ነበር። ሲነቁ አስመለሳቸው። ከጆሯቸው በላይ ትልቅ እብጠት ወጥቷል፤ ደሙ ብዙ አይደለም፣ ዓይናቸው ግን የሚያየውን የሚያውቅ አይመስልም።

ጋሽ ኑሩ ወደ ጎን ጠሩኝ። «እኔ ደብረ ወርቅ ሄጄ ሰውና ቃሬዛ ይዤ እመጣለሁ። ይህ ሰው በበቅሎ አይጫንም። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«የመጀመሪያ እርዳታ ስንማር፣ ራሱን የተመታ ሰው እንዳይተኛ ተብለናል» አልኳቸው።

«እንግዲያው አታስተኚያቸው» አሉና በረዶው ገና ሳያባራ ወጡ።

እመት ጥሩወርቅ ከደጅ በረዶ በእፍኛቸው አምጥተው ሰጡኝ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እብጠቱ ላይ ያዝኩ። ጸበልም ረጩባቸው፤ ሚስተር ማቲው «አሜን» አሉ፣ ክርስቲያን ናቸውና። ከዚያ ዓይናቸው ይከደን ጀመር።

መጠየቅ ጀመርኩ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ አድርጌዋለሁ። አገርዎ የት ነው አልኩ፤ አንድ ቃል መለሱ። ልጆች አሉዎት? «አሉ።» ስማቸው ማን ነው? ዝም። ባሕሩ ለቤታችሁ ቅርብ ነው? በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ እኔን ሳይሆን ሌላ ሰው ነው ያናገሩት። ትከሻቸውን ነቀነቅኩ። ስለ ሞጣ፣ ስለ ተማሪዎቻቸው፣ ስለ ምግብ ጠየቅሁ። እያንዳንዱ መልስ ከፊተኛው ያጥራል። በመጨረሻ የምጠይቀው አለቀብኝ።

«ልጄ፣ ሰውየው እያመለጠሽ ነው» አሉኝ እመት ጥሩወርቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እጄ በረዶውን ይዞ ደንዝዟል። የቀለጠው ውሃ በክንዴ ይወርዳል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«ሚስተር ማቲው፣ ራስዎ ላይ ያለው በረዶ ነው። ውሃን እስከ መጨረሻው ቢያቀዘቅዙት ኢንትሮፒው ከስሌቱ ጋር አይገጥምም አሉን። የጎደለው የት ሄደ?»

ዓይናቸው ተገለጠ።

«ማነው ጎደለ ያለሽ?»

«መምህሬ።»

«አልጎደለም» አሉ፣ ቃሉን እየጎተቱ። «ቀረ እንጂ።»

«የት ቀረ?»

እጃቸውን አንስተው የያዝኩትን ቋጠሮ ነኩ። «እዚህ። በረዶው ውስጥ።»

ሊተኙ የነበሩት ሰው ሊነሱ ሞከሩ፤ ይዤ መለስኳቸው። «ኢንትሮፒ ምንድን ነው? የመጽሐፉን ቃል አልፈልግም» አሉኝ።

«ሁካታ ነው። ዝብርቅርቅ» አልኩ።

«አይደለም። ቆጠራ ነው። አንድ ነገር ከውጭ ሲያዩት ምንም ሳይለወጥ፣ ከውስጥ በስንት ዓይነት ሊደረደር ይችላል? ኢንትሮፒ የሚነግርሽ ይህን ነው፤ የሚሰላውም በብዛቱ ሎጋሪዝም ነው። እያንዳንዱ አደራደር አንድ ማይክሮስቴት ይባላል። አደራደሩ አንድ ብቻ ከሆነ ኢንትሮፒው ዜሮ ነው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ፍሬ አለ? ባቄላ፣ ምን...»

እመት ጥሩወርቅን ባቄላና ስንዴ ለመንኳቸው። ታማሚው ራበው ብለው ደስ አላቸውና ሊቆሉት ተነሱ፤ «አይ፣ ጥሬውን» አልኳቸው። በሰፌድ አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ሚስተር ማቲው እንደነገሩኝ አንድ ባቄላ መሐል፣ አራት ባቄላ ዙሪያውን አስቀመጥኩ። ባቄላው ኦክስጅን፣ ስንዴው ሃይድሮጅን መሆኑ ነው። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል አራት ጎረቤት አለው፤ የራሱ የሆኑ ሃይድሮጅኖች ግን ሁለት ናቸው። ስለዚህ ከአራቱ ጎረቤቶች ሁለቱን መርጦ ወደ እነሱ ያዞራቸዋል።

«በስንት ዓይነት ሊያዞራቸው ይችላል? ቁጠሪ።»

ሁለቱን ስንዴዎች እያዟዟርኩ ስቆጥር ቀና ብል ዓይናቸው ተከድኗል። «ሚስተር ማቲው!» አልመለሱም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«አራት ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ፊታቸው ተኮሳተረ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ስድስት!» አሉ። «እንደገና ቁጠሪ!»

አስተማሪን የሚቀሰቅስ ስህተት ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ተማርኩ። ከዚያ ወዲያ በደከሙ ቁጥር እሳሳትላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይቆጡኛል፣ ይነቃሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉም ስህተቴ ሆን ብዬ የሠራሁት አልነበረም።

«አሁን ሕጉን ስሚ። በሁለት ባቄላዎች መካከል የሚቀመጠው አንድ ስንዴ ብቻ ነው። ሁለት አይሆንም፣ ባዶም አይሆንም። መሐለኛው ስንዴውን ወደ ጎረቤቱ ሲያዞር ጎረቤቱ ያን ቦታ አስቀድሞ ይዞት ቢሆንስ?»

«አይቻልም።»

«ቦታው ክፍት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?»

«ግማሽ።»

«ሁለት ስንዴ ነው ያለው።»

«የግማሽ ግማሽ፣ ሩብ» አልኩ። ጣቴ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «የስድስት ሩብ... አንድ ተኩል። ግን አንድ ተኩል አደራደር ምን ማለት ነው? ግማሽ አደራደር አለ እንዴ?»

ፈገግ አሉ፤ ከወደቁ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። «ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዷን ለብቻዋ አትያት። አንድ ሞለኪውል በጨመርሽ ቁጥር የጠቅላላው አደራደር ብዛት በአንድ ተኩል ይባዛል። አንድ ተኩል በአንድ ተኩል፣ እንደገና በአንድ ተኩል... ደጅ ከወደቀው አንዷ ፍሬ ውስጥ ስንት ሞለኪውል አለ?»

ወደ ደጅ አየሁ። በረዶው አባርቶ ግቢው ነጭ ሆኗል፤ የእመት ጥሩወርቅ ጎመን ተከታትፎ መሬት ላይ ተኝቷል። እያንዳንዷ ፍሬ ዝም ያለች፣ የደረቀች ናት። በውስጧ ግን ቁጥር የማይዘልቃቸው አደራደሮች ነበሩ፤ እሷ የያዘችው ከእነዚያ መካከል በአጋጣሚ አንዱን ነው።

«ስትቀዘቅዝ ለምን ወደ አንድ የተስተካከለ አደራደር አትሄድም?» አልኩ።

«መዞር ስለማትችል። አንዱ እንዲዞር ሌላው መዞር አለበት፣ ሌላው እንዲዞር ሌላው። ብርዱ ሲመጣ ሁሉም ባሉበት ተያዙ። ከዚያ በኋላ ብታቀዘቅዣት፣ ብታቀዘቅዣት እዚያው ናት።»

መምህሬ ዩኒቨርሲቲ ሰሌዳው ላይ የሳለው በዓይኔ መጣ፤ ከብርዱ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው መስመር።

«እንግዲያው ልኬቱ ከመጀመሪያው ነው የተሳሳተው» አልኩ ቀስ ብዬ። «የሚያሞቁት ሰዎች ከዜሮ የጀመሩ መስሏቸው ነው። ከዜሮ አልጀመሩም። እዚያ ታች ቀድሞ የነበረ አለ፤ ሙቀት ሰጥተውት የመጣ ስላልሆነ መሣሪያቸው አያየውም።»

«ስንት ነው እሱ?»

«የአንድ ተኩል ሎጋሪዝም... ሠንጠረዥ የለኝም።»

«ዜሮ ነጥብ አራት በይው። የጋዙ ቋሚ ቁጥር ደግሞ በካሎሪ ሁለት ገደማ ነው፤ አባዢው።»

«ዜሮ ነጥብ ስምንት!» አልኩ። ድምፄ ከቁጥጥሬ ውጭ ወጣ። በቃሌ ይዤ የተፈተንኩባት፣ የተሳቀብኝባት ቁጥር በእመት ጥሩወርቅ ሰፌድ ላይ ተቀምጣ ነበር። አለቀስኩ። እመት ጥሩወርቅ ሰውየው የሞቱ መስሏቸው በድንጋጤ ተነሱ።

«ደህና ናቸው እመት፣ ደህና ናቸው። እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ጋሽ ኑሩ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ጎረምሶችና ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። መጀመሪያ የተመለከቱት መደቡን ነው፤ ሚስተር ማቲው ዓይናቸውን ገልጠው በተሰባበረ አማርኛ «ጋሽ ኑሩ፣ ዘገዩ» ሲሏቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ቀጥሎ ሰፌዱን አይተው፣ «ገበጣ ስትጫወቱ ነው የዋላችሁት? ማን አሸነፈ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። እመት ጥሩወርቅ ባቄላውንና ስንዴውን እየለዩ «እንጃላቸው፤ ሲቆጧት ነው የዋሉት» አሉ።

ያን ቀን ደብረ ወርቅ፣ በማግስቱ ቢቸና ገባን። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዓይናቸውን በባትሪ አይቶ፣ እጅ እግራቸውን አስነሥቶ «ተርፈዋል» አለ። ብርጭቆዎቹም ከጥቂቶቹ በቀር ደህና ነበሩ። ጥቂት ቀን ካረፉ በኋላ ዳይሬክተሩ እስከ ደጀን እንድሸኛቸው አደረጉ። በጭነት መኪናው ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥን።

መንገድ ላይ ሚስተር ማቲው ወደ እኔ ዞሩ። «ሚስ ስንዱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በቅሎዋ ስትደነብር አስታውሳለሁ። ከዚያ የማስታውሰው ቃሬዛ ላይ ሆኜ ሰማይ ማየቴን ነው። በመሐሉ ያለው ከአእምሮዬ ወጥቷል። ጋሽ ኑሩ ስንነጋገር እንደዋልን ነገሩኝ። ስለ ምን ነበር?»

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁት፤ አልቀለዱም። ያ ሁሉ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ዘንድ የለም።

«ስለ በረዶ» አልኩ።

«ስለ በረዶ ምን?»

ነገርኳቸው። መኪናው በጭቃ እየተንገጫገጨ፣ ሹፌሩ አንዳንዴ ዞር ብሎ እያየኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ባቄላም ስንዴም አልነበረኝም፤ ጣቶቼን ተጠቀምኩ። ስድስቱን ቆጠርኩ፣ ግማሹን፣ ሩቡን፣ አንድ ተኩሉን አወጣሁ። ከዜሮ ስለማይጀምረው ልኬት ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጨርስ፣ «ካርቦን ሞኖክሳይድስ? እሱም አይገጥምም ይባላል» አሉኝ።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። አሰብኩ። «ሞለኪውሉ እንደ ዱላ ነው» አልኩ። «አንዱ ጫፍ ካርቦን፣ አንዱ ኦክስጅን። ሁለቱ ጫፎች በጣም ይመሳሰላሉ። ሲቀዘቅዝ አንዳንዱ ወደዚህ፣ አንዳንዱ ወደዚያ ዞሮ ይያዛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሁለት ዕድል አለው። የሁለት ሎጋሪዝም ነው የሚቀረው። ሁሉም እንደልቡ ቢወድቅ ማለቴ ነው፤ ትንሽ ከተሰለፈ ደግሞ ያንሳል።»

ሚስተር ማቲው መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

«እኔ አላስታውስም» አሉ። «እንግዲያው ያንቺ ነው።»

ደጀን አውቶቡስ ላይ አሳፍሬያቸው ተለያየን። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ አይለወጥም ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ያው ዓይናፋሯ ስንዱ ነበርኩ። እናቴ ጽሕፈቱን ስለመተዌ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ግን ኬሚስትሪ ውስጥ ቆየሁ፣ ጨረስኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አስተማርኩት። ነገሩ የገባችሁ ሲመስላችሁ ምንም ለማያስታውስ ሰው ንገሩት፤ ያኔ የእናንተ መሆኑንና አለመሆኑን ታውቃላችሁ። ደግሞም ስቀውባችሁ ያፈናችሁት ጥያቄ ካለ አትጣሉት። የሚያስፈልግበት ቀን አይታወቅም።

በቅርቡ ይህን ታሪክ ለአንድ ሐኪም ዘመዴ ነገርኩት። ሳቀና፣ «እትዬ፣ ራሱን የተመታ ሰው አይተኛ የሚባለው የድሮ ነገር ነው። እየተከታተሉት ቢተኛም ችግር የለውም። ሰውየውን ዝም ብለሽ ብታስተኚያቸውም ይተርፉ ነበር» አለኝ።

ሊሆን ይችላል። እሳቸው ይተርፉ ነበር። እኔ ነበርኩ የማልተርፈው።